በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከትምህርት ውጭ ስለ ቀረው ልጅ

ተማሪ ቤት መግባትና መማር አንድ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ልጁ ተመዝግቧል፤ ስሙ በየማለዳው ይጠራል፤ ደብተሩንም በብብቱ ይዞ ይመላለሳል፤ እንግዲያስ ይማራል ይባላል። ዳሩ ግን በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከጓደኞቹ ጋራ ትከሻ ለትከሻ ተጋጥሞ ተቀምጦ ሳለ፣ በሰሌዳው የሚጻፈው የማይታየው፣ አስተማሪው የሚናገረው የማይሰማው፣ ወይም እያየና እየሰማ ነገሩ ፈጥኖበት የሚያመልጠው ልጅ አለ። ይህ ልጅ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ከቀረው ልጅ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከፀሐይና ከዝናብ ተጠልሎ መዋሉ ነው።

በዛሬው ጽሑፌ ላነሣ ያሰብሁት የዚህን ልጅ ነገር ነው። ባለሙያዎቹ «አካቶ ትምህርት» ይሉታል፤ ትርጓሜውም የአካል ጉዳት ያለበትና የሌለበት፣ ፈጣኑና ዝግተኛው በአንድ ክፍል፣ በአንድ ትምህርት አብረው እንዲማሩ ማድረግ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በከተማ ሰው ለከተማ ሰው ስለ ሆነ፣ እኔ ምሳሌዬን ከላስታ፣ ከላስታም ከኩልመስክ አካባቢ ለመውሰድ ፈቅጃለሁ። ነገሩ በኩልመስክ የሚሠራ ከሆነ የትም ይሠራል፤ በኩልመስክ የማይሠራ ከሆነ ግን ገና የወረቀት ነገር ነው ማለት ነው።

ኩልመስክ ያለችበት የላስታ አገር ተራራና ሸለቆ የተፈራረቁበት ነው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ብቻውን ከ4200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የገጠሩ ልጅ ተማሪ ቤት የሚደርሰው ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አቀበቱን ወጥቶ ነው። ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት አንድ ክፍል ከሃምሳ ተማሪ እንዳይበልጥ መለኪያ ወጥቷል፤ ስድሳና ሰባ ልጅ ተጨናንቆ የሚቀመጥበት ክፍል ማየት ግን በአገራችን ገጠር እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ላይ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላና አካባቢዋ ድረስ ዘለቀ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃቸው ሳይከፈት የትምህርት ዘመን አልፎባቸዋል። ስለዚህ በዛሬው ክፍል የሚቀመጠው ልጅ የተቋረጠ ትምህርት የያዘ ልጅ ነው። ከመካከላቸውም በእሳት መሣሪያ አካሉ የጎደለ፣ በድንጋጤ ልቡ የሸሸ ይኖራል። ጉዳት ያለበት ልጅ ሲባል ከእናቱ ማኅፀን እንዲሁ የተወለደው ብቻ እንዳይመስለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ጉዳቱ የማይታይለት ልጅ ነው። ሁለት ዓይኑ የጠፋውን ልጅ ሁሉም ያውቀዋል፤ ቢያንስ ይታዘንለታል። በሕፃንነቱ ጆሮው ሲመግል ከርሞ ግማሽ መስማት የቀረበትን ልጅ ግን ማን ያውቀዋል? እርሱ ራሱ እንኳ ሰው ሁሉ እንደ እርሱ የሚሰማ ይመስለዋል። አስተማሪው ሲጠራው ዝም ይላል፤ ሲጠየቅ ያልተጠየቀውን ይመልሳል፤ ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ እርሱም ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳል፤ ወደ ኋላ በሄደ ቍጥርም የሚሰማው ይቀንሳል። የአማራ ክልል በአገራችን የዓይን ማዝ ከበረታባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ዓይኑ የሚያለቅስና ብርሃን የሚያስጠላው ልጅ ደግሞ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ተከትሎ መገልበጥ አይሆንለትም። እንዲህ ያሉት ልጆች በየወሩ መጨረሻ ደካማ ተብለው ይመዘገባሉ። ድካሙ የማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተቆጠረው ኢትዮጵያዊ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ በዓለም ከስድስት ሰዎች አንዱ ከባድ የአካል ጉዳት እንዳለበት ገልጿል። መለኪያቸው የተለያየ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ቢሆንም ከመቶ አንድና ከስድስት አንድ እጅግ የተራራቁ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ሰው ሁሉ የት ሄደ? ከፊሉ በጓዳ ተደብቋል፤ ከፊሉም፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው፣ በክፍላችን ውስጥ ተቀምጦ አልታየንም።

አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ላንሣ። በቋንቋችን «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ጆሮው የማይሰማውን ሰው ይጠራበት ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ዕውቀት የሌለው ማለት ሆነ። እንግዲህ ፍርዱ የተሰጠው ልጁ ተማሪ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ በስሙ ላይ ነው። ዛሬ «መስማት የተሳነው» ማለታችን መልካም ነው፤ ሆኖም ስሙን ብቻ አሳምረን ትምህርቱን እንዳለ ብንተወው ለልጁ የጨመርንለት የለም።

የሆነ ሆኖ ነገሩ ለአገራችን ጨርሶ አዲስ አይደለም። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ ላስታም ከጥንት ጀምሮ በሚያውቀው ሥርዓት፣ የቃል ትምህርት የሚባል አለ። ይህ ትምህርት የሚሰጠው ቀኑ ከመሸ በኋላ ነው። ቀን ብርሃን ሳለ መጽሐፍ ይነበባል፤ ሲጨልም መጽሐፍ ስለማይታይ በላይ ያለው ተማሪ ለታናሹ ጸሎቱን በቃሉ እየነገረ ያስጠናዋል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ዓይን ያለውና ዓይን የሌለው ተማሪ እኩል ነበሩ። ዜማውም ቅኔውም በጆሮ ተሰምቶ፣ በቃል ተይዞ፣ በአንደበት የሚመለስ ስለ ነበረ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ከዚያ ሥርዓት ወጥተዋል። አራቱን የመጻሕፍት ጉባኤያት ያደላደለውን መምህር አባቶቻችን «ዐራት ዓይና» ሲሉ የልቡን ዓይን እንጂ የፊቱን መቍጠራቸው አልነበረም። ከዚህም በቀር በዚያ ትምህርት ቤት ሁሉም ተማሪ በአንድ ቀን አንድ ገጽ እንዲደርስ አይገደድም ነበር፤ አንዱ ቍጥር ንባብ ላይ፣ አንዱ ውርድ ንባብ ላይ ሆኖ በየደረጃው ይሄዳል፤ መምህሩም የእያንዳንዱን ለየብቻ ይሰሙታል።

ይህን ስል የድሮውን ሁሉ ለማወደስ አይደለም። ሴት ልጅ ወደዚያ ጉባኤ የምትገባው በጣም ጥቂት ጊዜ ነበር፤ መስማት የተሳነው ልጅ ደግሞ ሁሉ ነገር በጆሮ በሚያልፍበት ቤት ምንም ስፍራ አልነበረውም። ትምህርቱ ለዓይነ ስውሩ የተመቸው ለእርሱ ታስቦ ሳይሆን እንዲሁ ስለ ገጠመለት ነው። እኛ ዛሬ የምንፈልገው ግን አስቦ ማዘጋጀትን ነው።

አስቦ ያዘጋጀም በጥንት ዘመን አልጠፋም። በአራተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ዲዲሞስ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ዓይኑ ጠፋ። ፊደላቱ በእንጨት ላይ ተቀርጸው በጣቱ እየዳሰሰ ተማረ፤ በመጨረሻም የታወቀው የእስክንድርያ ትምህርት ቤት መሪ እስከ መሆን ደረሰ። ሉዊ ብሬል የተባለው ፈረንሳዊ ወጣት በስድስት ነጥቦች የሚዳሰሰውን ጽሕፈት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1824 ስለ ሆነ፣ የእስክንድርያው እንጨት ከአሥራ አራት መቶ ዓመታት በላይ ይቀድመዋል። እንጨትና የሚቀርጽ እጅ ደግሞ በላስታ ሞልቷል።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ በአገራችን ለዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናቸው የተለዩ ትምህርት ቤቶች ተቋቁመው ብዙ ሰው አፍርተዋል፤ የሰበታው መርሐ ዕውራን ስሙ የታወቀ ነው። ከወሎ ምድር ደግሞ የወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን ታሪክ ማንሣት ይገባል። በአማራ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ልጆች ጋራ በአንድ ክፍል ተቀመጡ፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በሕግ ተመረቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። አማራ ሳይንትና ላስታ የአንድ ወሎ ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን ሻሸመኔ ለሁለቱም ሩቅ ነው። አንድ የኩልመስክ ገበሬ ዓይነ ስውር ሴት ልጁን ወደ ማያውቀው አገር ልኮ ለዓመታት እንዲለያት መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። አብዛኛው ወላጅ አይልክም፤ ባይልክም አይፈረድበትም። ስለዚህ ትምህርቱ ወደ እርስዋ መሄድ አለበት።

ሕጉ በዚህ በኩል የጎደለው የለም። በ1986 ዓ.ም. በስፔን አገር በሳላማንካ የ92 መንግሥታት መልእክተኞች ተሰብስበው ሕፃናት ሁሉ በአንድ ትምህርት ቤት እንዲማሩ መክረዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ያጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ኢትዮጵያ በአዋጅ ቍጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ ስለ ትምህርት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዛል። ትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስልት ካወጣ ቆይቷል፤ በኋላም አሻሽሎታል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል የአገራችን ሰው። እኛ በአዋጅ ጠምጥመናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ክፍሉ እንግባ።

ሮናልድ ሜስ የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ ባለሙያ ነበር። በልጅነቱ በፖሊዮ ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄድ ስለ ነበረ የደረጃን ክፋት ያውቀዋል። የእርሱ ሐሳብ ይህ ነው፤ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ለጉዳተኛ ተብሎ በጓሮ በር ከሚለጠፍለት ይልቅ፣ ከመሠረቱ ሲታሰብ ሁሉም በአንድ በር እንዲገባ ሆኖ ይታሰብ። ደረጃ የሌለበት መግቢያ ለተሽከርካሪ ወንበር ታስቦ ቢሠራም እርጉዝዋ፣ ሽማግሌው፣ ዕቃ የተሸከመው ሁሉ ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ1984 በማሳቹሴትስ የተቋቋመው ካስት የተባለ ድርጅት ይህንኑ ሐሳብ ከቤት ወደ ትምህርት አመጣው። ትምህርትም ከመሠረቱ ሲታቀድ፣ ለልጆች ሁሉ የሚሆን ተደርጎ ይታቀድ አሉ። አስተማሪው ነገሩን በአንድ መንገድ ብቻ አያቅርበው፤ ይታይ፣ ይሰማ፣ ይዳሰስ። ተማሪውም ማወቁን በአንድ መንገድ ብቻ እንዲያሳይ አይገደድ፤ የሚጽፍ ይጻፍ፣ የሚናገር ይናገር፣ የሚሠራ ሠርቶ ያሳይ። ልጁን የሚቀሰቅሰው ነገርም ከሚያውቀው ኑሮው ይውጣ።

አባባሉ ያምራል፤ በኩልመስክ ምን ይመስላል? እስቲ አንድ የሒሳብ ትምህርት እንውሰድ። ርእሱ የሬክታንግል ስፋትና ዙሪያ ነው። በተለመደው አኳኋን አስተማሪው ይገባል፤ በሰሌዳው ላይ መልኩን ይሥላል፤ «ስፋት ማለት ርዝመት ሲባዛ በወርድ ነው» ብሎ ጽፎ ያስነብባል፤ አምስት ጥያቄ ሰጥቶ ይወጣል። ዓይነ ስውርዋ ተማሪ ከዚህ ውስጥ ያገኘችው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ያገኘው አንድ ሥዕል ነው። ዝግተኛው ልጅ ሁለቱንም አግኝቶ አንዱንም አልያዘም። ፈጣኑ እንኳ ዙሪያና ስፋት የሚለያዩበትን ሳይረዳ መልሱን ያወጣል፤ በፈተና ጊዜ ሁለቱን ሲያምታታ ነው የሚታወቅበት።

አሁን ደግሞ ይኸው ትምህርት ከመሠረቱ ለሁሉ ታስቦ ይታቀድ። አስተማሪው በዋዜማው አንድ ረዥም የቃጫ ገመድ ያዘጋጃል፤ በየአንድ ሜትሩ ይቋጥረዋል፤ በየአሥር ሜትሩ ደግሞ ቋጠሮውን እጥፍ ያደርገዋል። በማግሥቱ ልጆቹን ወደ ሜዳ ያወጣና እንዲህ ይላቸዋል። ከላሊበላ አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ትልቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ርዝመቱ 33፣ ወርዱ 23 ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ሜዳ ላይ ይበቃ ይሆን? ልጆቹ ይገምታሉ፤ ይከራከራሉ። የላስታ ልጅ ስለ መድኃኔ ዓለም ተጠይቆ ዝም አይልም።

ከዚህ በኋላ ችካል ይተከላል፤ ገመዱ ይዘረጋል። ዓይነ ስውርዋ ልጅ ገመዱን በጣትዋ እየዳሰሰች ቋጠሮውን ትቈጥራለች፤ በዚህ ሥራ ከሚያዩት ትበልጣለች እንጂ አታንስም፤ የእነርሱ ዓይን ከቋጠሮ ቋጠሮ ይዘላልና። መስማት የተሳነው ልጅ ሥራውን ሁሉ በዓይኑ ያየዋል፤ በየማዕዘኑ ቍጥሩ በካርቶን ላይ በትልቁ ተጽፎ ስለሚተከል የሚያመልጠው የለም። መሄድ የሚያስቸግረው ልጅ በአንዱ ማዕዘን ተቀምጦ የገመዱን ጫፍ ይይዛል፤ የመዝገቡም ጸሐፊ እርሱ ነው። ዝግተኛው ልጅ ዙሪያውን በእግሩ ይዞራል፤ ዞሮ ሲመለስ ዙሪያ ምን እንደ ሆነ ባጥንቱ ገብቶታል። ዙሪያው 112 ሜትር ሆነ።

ስፋቱስ? አራት የአንድ አንድ ሜትር በትር ገጥመው አንድ ካሬ ያበጃሉ፤ ካሬውን በአንዱ ጥግ ያስቀምጡታል፤ ልጆች ገብተው ይቆሙበታል፤ ዓይነ ስውርዋም ገብታ በእጅዋ ዳርና ዳሩን ትዳስሳለች። እንዲህ ያለው ካሬ በአንድ ረድፍ ስንት ይገባል? 33። ረድፉስ ስንት ነው? 23። ወደ ክፍል ይመለሱና ነገሩን በትንሹ ደግመው ይሠሩታል፤ በጭቃ ገበታ ላይ ባቄላ በረድፍ ይደረድራሉ፤ ሦስት በአራት፣ አምስት በስድስት። ከዚያ ወዲያ ማባዣው በሰሌዳ ይመጣል፤ አስተማሪውም እየጻፈ የሚጽፈውን በቃሉ ይናገረዋል። 33 ሲባዛ በ23፣ 759 ካሬ ሜትር።

እንግዲህ ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለማን ነው? ለዓይነ ስውርዋ ነው ብንል ስድሳው ሁሉ ተምረውበታል። ለስድሳው ነው ብንል ዓይነ ስውርዋ አልቀረችም። ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ትዝ ብላው «አንቺ ዝም ብለሽ አዳምጪ» አልተባለችም። ወጪውም ቢታሰብ አንድ ገመድ፣ ጥቂት በትር፣ አንድ እፍኝ ባቄላ ነው። የሚያስከፍለው አስቀድሞ ማሰብን ነው፤ እርሱ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ይህን ምሳሌ ከሒሳብ የወሰድሁት ሆን ብዬ ነው። በአገራችን ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ አይሆንላቸውም እየተባለ እንዲዘሉት ሲደረግ ኖሯል። ብዙዎቹ ወደ ሕግ፣ ወደ ታሪክ፣ ወደ ቋንቋ የሄዱት ወደውት ቢሆን መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሌላው በር በልጅነታቸው ተዘግቶ ስለ ቆየ ነው። መዝለሉ እንደ ርኅራኄ ይቈጠር ይሆናል፤ እኔ ግን ርኅራኄ አልለውም። አስተማሪው ሥዕሉን የሚያስዳስስበት መንገድ ሳይፈልግ ቀረ፤ ዋጋውን ልጅዋ ከፈለች።

በንባብ ትምህርት ደግሞ የሚያስፈልገው ከዚህም ይቀላል። አስተማሪው ለሰሌዳው ሳይሆን ለልጆቹ ፊቱን ሰጥቶ ይናገር፤ ግማሽ የሚሰማው ልጅ ቀሪውን ከአፉ እንቅስቃሴ ያነበዋልና። አንድ ተማሪ ከኋላ ሲጠይቅ አስተማሪው ጥያቄውን ደግሞ ይናገረው። አዲሶቹ ቃላት በትልቁ ተጽፈው በግድግዳ ይቆዩ። ሰሌዳው ነጥቶ ከሆነ ይጥቈር። ብርሃን የሚያስጠላው ልጅ ከመስኮቱ ፊት ለፊት አይቀመጥ፤ አጥርቶ የማያየው ደግሞ ወደ ፊት ይምጣ። ቍመቱ ረዥም ነው ተብሎ ወደ ኋላ የተላከ፣ መነጽር ብቻ የጎደለው ልጅ ስንት ይሆን! ፊደላችን በብሬል ሲጻፍ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይቶ ስለሚጻፍ፣ ዓይነ ስውሩ ልጅ እንደ ጓደኞቹ ሰባቱን ቤት ሁሉ አንድ በአንድ በቅርጽ ማጥናት የለበትም፤ በዚህ እንኳ ትንሽ ቀንቶታል። ስሌትና ስታይለስ የሚባሉት የብሬል መጻፊያዎችና ወፍራም ወረቀት ግን በየገጠሩ ሱቅ አይገኙም፤ ይህን ማቅረብ የመንግሥት ፈንታ ነው።

መስማት ስለተሳናቸው ልጆች ግን ከብዙዎች የተለየ አሳብ አለኝ። ጨርሶ የማይሰማ አንድ ልጅ ብቻውን በስድሳ ሰሚዎች መካከል ማስቀመጥ አካቶ ሊባል አይገባውም። ይህ ልጅ የጎደለው ቋንቋ ነው፤ ቋንቋም ብቻውን በተቀመጠ ሰው ላይ አይበቅልም። ሔለን ኬለር በአሥራ ዘጠኝ ወርዋ ዓይንዋንም ጆሮዋንም ያጣች አሜሪካዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1887 አን ሰሊቫን የምትባል ወጣት መምህርት መጥታ በአንድ እጅዋ ላይ ውሃ እያፈሰሰች በሌላው እጅዋ ላይ የውሃን ስም በጣት ፊደል ስትጽፍላት፣ ሕፃንዋ ለነገር ሁሉ ስም እንዳለው ያን ጊዜ ዐወቀች። ከዚያ በፊት የነበረባት ጨለማ ከዓይን መጥፋት ይልቅ የቋንቋ ማጣት ነበረ። መምህርትዋ ራስዋ በሕፃንነትዋ በዓይን ማዝ የታመመች መሆንዋን በዚህ ላይ መጥቀስ ለእኛ አገር ሰው ይጠቅማል።

ስለዚህ መስማት የተሳናቸው ልጆች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ ማእከል ተሰብስበው የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ ከሚያውቅ ሰውና እርስ በርሳቸው ሊማሩ ይገባል፤ ቋንቋው ካላቸው በኋላ ከሰሚዎቹ ጋራ ይቀላቀሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል፤ ባለሙያ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። አስቸጋሪው ባለሙያው ወደ ላስታ ተራሮች እንዲወጣና ወጥቶም እንዲቆይ ማድረጉ ነው። ሰሚዎቹ ልጆችም የጣት ፊደል ቢማሩ በጥቂት ሳምንት ይይዙታል፤ በፈተና ጊዜ ለመቀባበል እንዳያውሉት መጠንቀቅ ግን የአስተማሪው ፈንታ ነው።

አስተማሪዎች በዚህ ላይ የሚያቀርቡት ተቃውሞ አለ፤ ሊሰማም ይገባዋል። «ስድሳ ተማሪ ይዤ፣ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ፣ ደመወዜ ለወሩ ሳይደርስ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ትምህርት ላዘጋጅን?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ትምህርት ማዘጋጀት ለማንም አይቻልም። ነገር ግን የገመዱን ትምህርት እንመልከተው፤ ስድሳ ትምህርት አልነበረም፤ አንድ ነበረ። ደግሞም በየሳምንቱ ሠላሳ ክፍለ ጊዜ ሁሉ ወደ ሜዳ ይውጣ የሚል የለም። በሳምንት አንድ ትምህርት እንዲህ ቢታቀድ፣ በዓመቱ መጨረሻ አስተማሪው ሠላሳ የሚያህል የተፈተነ ትምህርት በእጁ ይኖረዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ገመዱን አይቋጥርም፤ ያወጣዋል እንጂ። በትምህርት ቤቱ ያሉት አስተማሪዎች ቢቀባበሉት ደግሞ ይበዛል።

ሌላው ተቃውሞ ከወላጆች በኩል የሚመጣ ነው፤ «ጐበዙ ልጄ በዝግተኞቹ ምክንያት ወደ ኋላ ይቀራል» የሚል። ይህን የሚለው ሰው የድሮውን የቃል ትምህርት ያስብ። ታላቁ ተማሪ ታናሹን የሚያስጠናው ለታናሹ ብቻ ሲባል አልነበረም፤ ያስጠናውን ነገር ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ሰው ነገርን አጥርቶ የሚያውቀው ለሌላው ሲያስረዳ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ነገር መንገዱ ነው። በዚህ ላይ ራስን ማታለል አይጠቅምም። ተሽከርካሪ ወንበር በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ እንኳ የሚቸገር ሲሆን በላስታ አቀበት ላይ ምን ያደርጋል? መራመድ የማይችለው ልጅ በበቅሎ ወይም በሰው ጀርባ ነው የሚመጣው፤ ይህም በየቀኑ አይሆንም። ለዚህ ልጅ ትንንሾቹ ክፍሎች በየጎጡ መከፈታቸው ከማናቸውም ሌላ ነገር ይልቅ ይረዳዋል፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከቤቱ አጠገብ ይማር። በመጣበት ቀን ደግሞ ከክፍሉ በር ላይ ሦስት ደረጃ አይጠብቀው። አባቶች ቋጥኝ ፈልፍለው ቤተ መቅደስ ባወጡበት አገር፣ በክፍል በር ላይ ድንጋይ ደልድሎ ዘቅዘቅ ያለ መግቢያ ማበጀት የአንድ ቅዳሜ የወላጆች ሥራ ነው። የመጸዳጃውም ነገር እንዲሁ ነው፤ በተለይ ሴት ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡበት አንዱ ምክንያት እርሱ ሆኖ ሳለ ከሁሉ በኋላ የሚታሰበው እርሱ ነው።

በብዙ ትምህርት ቤት የሚሞላው የዕቅድ ቅጽ ዓላማ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ምዘና የሚሉ ዓምዶች አሉት። በዚያ ላይ ልዩ ድጋፍ የሚል ዓምድ ቢጨመርበት በየሳምንቱ «ልዩ ድጋፍ ይሰጣል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እየተገለበጠ ይሞላበታል ብዬ እፈራለሁ። ከዚያ ይልቅ ርእሰ መምህሩ አስተማሪውን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፤ የሦስት ልጆች ስም። በዚህ ሳምንት ትምህርት ሊያመልጣቸው የሚችል ሦስት ልጆች እነማን ናቸው፣ በየትኛው በርስ ይገቡበታል? ስም ሲጠራ ነገሩ ይለወጣል።

ይህንንም ለማድረግ ልጆቹ አስቀድመው መታወቅ አለባቸው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አስተማሪዎች ለምዝገባ ወደ መንደር ሲወጡ፣ ለትምህርት የደረሰ ልጅ አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ከዚህ ሌላ አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ በዚህ ቤት ከደጅ የማይወጣ ልጅ አለ ወይ? እናትየዋ መጀመሪያ የለም ልትል ትችላለች፤ ቡናውም ፈልቶ፣ ሌላ ወሬም ተነሥቶ፣ ደግሞ ይጠየቅ። መስከረም ላይ ክፍል ሲጀመር በመጀመሪያው ሳምንት አስተማሪው ልጆቹን አንድ በአንድ ያቁማቸው፤ ከስድስት ርምጃ ርቆ ከጀርባቸው በሹክሹክታ ስማቸውን ይጥራ፤ ከዚያው ርቀት በካርቶን ላይ የጻፈውን ፊደል አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው እንዲያነቡ ያድርግ። ይህ ሐኪም አይሆንም፤ ማን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበትና ማን ከፊት መቀመጥ እንዳለበት ግን ያሳያል። ስድሳ ልጅ ለማየት ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ የወንበሩም አቀማመጥ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ይሁን።